የጎደለችው ግማሽ ወቄት

ባለፈው የበዓል ሰሞን የእህቴ ልጅ ሰላም ከአዲስ አበባ መጥታ ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ያለችው ቤቴ ውስጥ ሦስት ቀን ሰነበተች። ባንክ ቤት ነው የምትሠራው፤ ደመወዟን ግን የምትጨርሰው አሮጌ ገንዘብ በመግዛት ነው። ሰው አሮጌ ነገር ሲጥል እሷ ትለቅማለች፤ እኔንም የምትወደኝ በዚሁ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ምሳ በልተን እንደጨረስን ስልክ የምታክል ሚዛን ከቦርሳዋ አወጣችና አንድ ጠገራ ብር ከጨርቅ ፈትታ አስቀመጠችበት። «አየሽ አክስቴ፣ ጤነኛዋ ሃያ ስምንት ግራም ከምናምን ነው የምትመዝነው። ይቺ ግን ሃያ ሰባትም አልሞላች። ኮንዲሽኗ አልቆላታል። ደግሞ ፈትገው አጥበዋታል! የታጠበች ጠገራ ሰብሳቢ ዞር ብሎም አያያት። እኔን የሚገርመኝ ግን፣ የጎደለው ብር የት ነው የሚሄደው?» አለችኝ። መልስ አልጠበቀችም፤ ስልኳ ጠራና እያወራች ወደ በረንዳው ወጣች። ይህንኑ ጥያቄ አንዲት ሴት ዓይን ዓይኔን እያየች ጠይቃኝ ታውቃለች፤ ያኔ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

አባቴ አንጥረኛ ነበር። ሱቃችን ሂርማታ ገበያ መግቢያ ላይ፣ ጣልያን ሠርቶት ከሄደው ባለ በረንዳ ቤት አንዷ ክፍል ነበረች። ዛሬ በቦታው የሞባይል ቀፎ የሚሸጥበት የመስታወት ሱቅ ቆሟል፤ በዚያ ሳልፍ ፊቴን ወደ ማዶ አዞራለሁ። ያኔ ግን ሐሙስ ሐሙስ ገበያው ሲቆም በረንዳችን መረገጫ አልነበረውም። ከሰቃ፣ ከአሰንዳቦ፣ ከሰርቦ የመጣው ሰው ሁሉ በኛ በኩል ነበር የሚያልፈው። ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም፣ ፓስቲ በአሥር ሳንቲም ነበር፤ አንድ ብር የያዘ ሰው ከነጓደኛው ጠግቦ ይገባል። ወንዶቹ ቴትሮን ሸሚዝ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አጎፍረው፣ ኮንጎ ጫማቸውን በጠመኔ አንጥተው ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ይንጎራደዳሉ። እኛ ሴቶቹ ደግሞ ጉልበት ላይ የሚቀር ጉርድና የናይለን ሻሽ ነበር ዘመናይነታችን። ከማዘጋጃው በኩል ድምፅ ማጉያው ስለ ምርትና ስለ ድል ይዘምራል፤ ከሻይ ቤቱ ውስጥ የኦሮምኛ የፍቅር ዘፈን በካሴት ይመልስለታል። የቀበሌ ሱቅ በር ላይ ሴቶች ለስኳርና ለሳሙና ተሰልፈው ይጠዛጠዛሉ። ሰው ዛሬ ያንን ጊዜ ሲያነሳ ወይ ያለቅሳል ወይ ይናፍቃል። እኔ ሁለቱንም በአንድ ላይ አደርጋለሁ፤ ለዚህም ነው ደርግን የሚያማ ሰው ሲመጣ የምጣላው፣ የሚያደንቅ ሲመጣም የምጣላው።

አባቴን አገሬው ኦቦ ተሰማ፣ አቶ እንደ ማለት፣ ይለው ነበር። አክብረው ይጠሩታል፣ አምባር ያሠሩታል፣ የሴት ልጃቸውን ጌጥ አምነው ይሰጡታል፤ ዞር ሲሉ ግን ቡዳ ነው ይሉታል። ሰርግ ቤት ሲጠራ ጥግ ላይ ነው የሚያስቀምጡት። እኔም ትምህርት ቤት ውስጥ አብሮኝ የሚበላ አልነበረም። ይህ ነገር አባቴን ውስጥ ውስጡን በልቶታል፤ «ሰው ከነፈገኝ ከሚዛኑ እወስዳለሁ» ሲል አንድ ቀን ሰምቼዋለሁ። ያኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

የብር ሚዛናችን ሁለት ሳህን ያላት፣ መሐሏ ላይ መርፌ የቆመባት ትንሽ የነሐስ ሚዛን ነበረች። ወቄት የሚባለው የአንዲት ሙሉ ጠገራ ክብደት ስለሆነ ባንዱ ሳህን ጠገራ ይቀመጣል፣ በሌላው የሚመዘነው ብር። ታዲያ አባቴ ይህን የሚመዝንበት አንድ ሳይሆን ሁለት ጠገራ ነበረው። አንደኛዋ ከሰው እጅ ያልገባች ናት። ፊቷ ላይ የተቀረጸችው ሴትዮ አፍንጫ ሹል፣ የትከሻዋ ጌጥ ፍሬ ፍሬው የሚቆጠር፣ በጀርባዋ ያለው የንስር ላባ ሳይቀር ጥፍር የሚይዝ ነበረ። እሷን «ሙሽራዋ» ነበር የምንላት። ሁለተኛዋ በስንትና ስንት ቋጠሮ፣ በስንት ነጋዴ ኪስ ስትሻሽ የኖረች፣ ፊቷ የተላጠ፣ ጉንጯና ደረቷ አንድ ሆኖ የቀረ ነበረች፤ እሷ «ባልቴቷ» ናት። ሙሽራዋ መሳቢያ ውስጥ፣ ባልቴቷ በአባቴ ሰደርያ ኪስ ውስጥ ይቀመጡ ነበር። ሰው ብር ሊሸጥልን ሲመጣ ሙሽራዋ ትወጣለች፤ ሰው ሊገዛን ሲመጣ ባልቴቷ። ሲገዛ በከባዷ፣ ሲሸጥ በቀላሏ። በአሥራ አራት ዓመቴ አንድ ቀን አባቴ በሌለበት ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጬ መዘንኳቸውና የሙሽራዋ ሳህን ወረደ። ይህን ሳይ አባቴ ደረሰብኝ፤ ግን አልመታኝም። ሳቅ ብሎ «ዓይንሽ ያየውን አፍሽ እንዳይሰማ» አለኝ። ልጅ ነበርኩና የምሥጢር ተካፋይ በመሆኔ ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ በጣም ነበር ደስ ያለኝ።

ያን ጥያቄ የጠየቀችኝ አዴ ሐሊማ የሰቃ ሴት ነች። ባሏ አባ ሲራጅ ቡና የነበረው ሰው ነው፤ ሀብታም አይደለም፣ ግን ቡናው ባማረ ዓመት እጁ የማይሰስት። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ገደማ፣ ከትምህርት ቤት መጥቼ ከባንኮው ኋላ የቤት ሥራዬን ስሠራ ሳለሁ፣ ባልና ሚስት አብረው መጡ። ሴትየዋ አዲስ ሽርጥ ታጥቃ፣ ዓይኗን መሬት ተክላ ትስቃለች። «ስወልድለት ምንም አላደረገልኝም፤ አሁን ነው ትዝ ያልኩት» አለች አባቴን። አባ ሲራጅ የአንገት ጌጥ የሚሆን አሥራ ሁለት ጠገራ ገዛላት። አባቴ እጁን ወደ ሰደርያው ኪስ ሰዶ ባልቴቷን አወጣ። አንድ በአንድ መዘነላቸው፤ አሥራ ሁለቱም ከባልቴቷ ጋር እኩል ቆሙ። «አሥራ ሁለት ወቄት፣ ሙሉ!» አላቸው። የአሥራ ሁለት ወቄት ዋጋ ከፍለው፣ ማንጠልጠያ አስበይደው፣ መርቀውን ሄዱ። አሥራ ሁለቱም ጠገራዎች እንደ ባልቴቷ ያለቁ ነበሩ። ሙሉ አልነበሩም፤ ከኛ ሱቅ የወጡት ጎድለው ነው።

ከዚያ ዓመታት አለፉ። ልጃቸው ሲራጅ ሰቃ ያለውን ትምህርት ጨርሶ ጅማ ከተማ አጎቱ ቤት ገባ፤ እኔና እሱም አንድ ክፍል ተማርን። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሒሳብ ላይ አንበሳ፣ አማርኛ ላይ ደግሞ መሳቂያ ነበር። ለቁርስ ይዞት የሚመጣውን ሙዝ ለሁለት ገምሶ ግማሹን ዴስኬ ላይ ያስቀምጥልኝ ነበር። ሌሎቹ ከአንጥረኛ ልጅ ጋር በሉ እንዳይባሉ ሲሸሹ፣ እሱ ነገሩ ጭራሽ የገባውም አይመስልም። ፍቅር ነበር ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ለፍቅር ጊዜ አልተሰጠንም። የግዳጅ ውትድርና ስም ዝርዝር ወጣና ከሚዘምቱት መካከል የሱ ስም ተገኘ። አንድ የቀበሌ ሰውዬ፣ ስሙን እንኳ መጥራት አልሻም፣ ለእናቱ በዘመድ በኩል ላከባት፤ ስድስት መቶ ብር እስከ ዓርብ ማታ ካመጣች የልጇን ስም ያነሳዋል፤ ሌላ ሰው ቀድሞ ሞልቶ ካመጣ ግን የሌላው ልጅ ይነሳል። የዚያን ጊዜ የብር ዋጋ ወቄቱ ሃምሳ ነበር። አሥራ ሁለት ጊዜ ሃምሳ ስድስት መቶ ነው። ሐሊማ መጻፍ ማንበብ አትችልም፤ ይህቺን ሒሳብ ግን ገና ለመንገድ ሳትነሳ ሠርታ ጨርሳታለች።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ መጣች። ጫማዋን በረንዳው ላይ አውልቃ ገባች፤ እናንተ ሱቅ ነው ብትሏትም አትሰማም፣ ሰው ቤት መግባቷ ነው።

«አካም ጅርቱ ኦቦ ተሰማ?»

«ነጋ፣ ሰላም ነው፤ ግቢ አዴ ሐሊማ፤ ቁጭ በይ» አላት አባቴ።

ከብብቷ ቋጠሮ አውጥታ ባንኮው ላይ ፈታችው። ዓይኔን ወጋኝ። ጠገራዎቹ እንደ መስታወት ያበሩ ነበር። «ትናንት ወንዝ ወርጄ በአሸዋና በሎሚ ፈትጌ አጠብኳቸው» አለች፤ ኩራቷ ከጭንቀቷ ውስጥ ብቅ ሲል ታየኝ። «የቆሸሸ ዕቃ ይዤ ሰው ፊት አልቀርብም። አባ ሲራጅ ከእርስዎ የገዛልኝ ናቸው፤ ያውቋቸዋል። አሥራ ሁለት ናቸው። ይውሰዷቸውና ልጄን ያውጡልኝ።»

አባቴ ማንጠልጠያቸውን በጉጠት ቆረጠ። መሳቢያውን ሳበና ሙሽራዋን አወጣ። የመጀመሪያዋን ጠገራ በሌላው ሳህን ሲያስቀምጣት መርፌዋ ወደ ሙሽራዋ ጋደለች። ከጠገራዋ ጎን የብር ሽቦ ቅንጥብጣቢ እየጨመረ አስተካከላት፤ ያቺን ቅንጥብጣቢ ወደ ጎን አደረጋት። ሁለተኛዋንም እንደዚያው፣ ሦስተኛዋንም። አሥራ ሁለቱ ሲያልቁ ጎን ላይ የተከመረው ቅንጥብጣቢ የጠገራ ግማሽ አከለ።

«አሥራ አንድ ተኩል ወቄት» አላት። «አምስት መቶ ሰባ አምስት ብር።»

«አሥራ ሁለት ናቸው እንጂ! ይቁጠሯቸው።»

«ቁጥራቸው አሥራ ሁለት ነው። ክብደታቸው ነው የጎደለው። ብርም ያልቃል እኮ አዴ ሐሊማ። ጨርቅ ይበላዋል፣ ላብ ይበላዋል፣ እርስ በርሱ ሲፋጭ ይበላላል። አሸዋማ ጭራሽ ይግጠዋል።»

«ወዴት ይሄዳል?» አለች። የእውነቷን ነበር የምትጠይቀው፤ እንደ ሕፃን። «ከአንገቴ ላይ እኮ አልወረዱም። ለኢድ አውልቄ አጥባቸዋለሁ፣ ወዲያው መልሼ አስራቸዋለሁ። ሌባ አልነካቸው፣ አላበደርኳቸው። ያ ረቢ! ከአንገቴ ላይ ወዴት ሄደ?»

ሐሊማ አንገቷን በእጇ ደባበሰች፤ የጎደለው ብር እዚያ ላይ ቀርቶ እንደሆነ የምትፈልግ ነበር የምትመስለው። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«አስቴር፣ ኢንተለኮ» አለችኝ። ልጄ ማለቷ ነው። «አንቺ የተማርሽ ነሽ። ከሲራጄ ጋር ነው የተማርሽው። እስቲ ነይ እዪልኝ። ሚዛኑ ልክ ነው?»

ሄድኩ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። መርፌዋ ቀጥ ብላለች። ባንዱ ሳህን ሙሽራዋ፣ በሌላው የተፋቀች ጠገራና ቅንጥብጣቢዋ። አባቴ ቀና ብሎ አላየኝም፤ የባንኮውን አቧራ በመዳፉ ይጠርግ ነበር። «አዴ ሐሊማ፣ እነዚህ ሲሸጡልሽም ጎደሎ ነበሩ፤ አባቴ ያኔ በሌላ ጠገራ ነው የመዘነልሽ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር። አባቴ ቢገርፈኝ ይገርፈኝ ነበር፤ ቢያባርረኝም እህቴ ቤት እገባ ነበር። የፈራሁት ግን ዱላውንም አልነበረም። ሱቁ ሰው ሞልቶበታል፤ ሐሙስ ነው፤ ቡዳ ብለው በሚጠሩን ሰዎች ፊት ሌባ ነን ብዬ ልናገር አልቻልኩም።

«ልክ ነው አዴ ሐሊማ» አልኳት።

«በእናትሽ?»

«በእናቴ።» እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነበር።

ሐሊማ አመነችኝ። አባቴን ብቻ «ሃያ አምስቷን ይሙሉልኝ፣ በቡና ለቀማ እመልሳለሁ» ብላ ለመነችው። «ሚዛን ዘመድ የለውም» አላት። እኔም ጓዳ ውስጥ፣ ለቴትሮን ጉርድ ያጠራቀምኩት አሥራ ስምንት ብር ነበረኝ። ትዝ አለኝ። ግን አይበቃም ብዬ ተውኩት። ሐሊማ አምስት መቶ ሰባ አምስቱን በዚያው ጨርቅ ቋጥራ፣ ጫማዋን በረንዳው ላይ አጥልቃ ሄደች። ከተማው ውስጥ ሃያ አምስት ብር የሚያበድራት አላገኘችም፤ የሁሉም ሰው ልጅ እዚያው መዝገብ ላይ ነበር፤ ማንም ብሩን አጥብቆ ይዟል። ፍየል ልትሸጥ ወደ ሰቃ ተመለሰች። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ዘነበ፤ አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ዋለ። ቅዳሜ ጠዋት ስድስት መቶውን ሞልታ ስትደርስ ሰውየው «ትናንት የቀደመሽ ሰው አለ» አላት።

እነሲራጅን የጫነው መኪና ቅዳሜ ጠዋት በኛ በረንዳ ፊት ለፊት አለፈ። ድምፅ ማጉያው ያንኑ የድል መዝሙር ያንቧርቃል። ሲራጅ ከጎረምሶቹ መሐል ቆሞ ሲያየኝ ፈገግ አለና እጁን አነሳልኝ። እኔም አነሳሁ። ከወደ ሰሜን ሁለት ደብዳቤ ለእናቱ ጻፈላት፤ አጎቱ ነበር የሚያነብላት። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። መንግሥት ሲለወጥ የተረፉት በእግራቸው፣ በጭነት መኪና፣ አንዳንዶቹም በልመና እየበሉ ገቡ። ሲራጅ አልገባም። ሞተ ብሎ የነገራት የለም፤ አለ ብሎ የነገራትም የለም።

አባቴ እነዚያን አሥራ ሁለት ጠገራዎች በዚያው ሳምንት አቅልጦ ለአንድ ባለሥልጣን ሚስት አምባር ሠራባቸው፤ መዝኖ የሰጣት በባልቴቷ ነው። ስለዚያ ሐሙስ አንድም ቀን አላነሳብኝ፣ እኔም አላነሳሁበት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ ሆድ ውስጥ ግን ነቅዟል። አባቴ አርጅቶ፣ በአልጋው ላይ፣ ቄስ ናዝዞት፣ ልጆቹ ከበውት ሞተ። ሰርግ ላይ ጥግ ያስቀምጡት የነበሩ ሰዎች ሁሉ ቀብሩ ላይ መጥተው አለቀሱለት። ሐቀኛ ሰው ነበር፣ ሚዛኑ የተመሰከረለት ነበር ሲሉ ሰማሁ። አባቴን እወደው ነበር። ያን ቀን ግን እዚያው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሜ ጠላሁት፤ ከሱ ይልቅ ደግሞ ራሴን።

የአባቴ አርባ እንዳለፈ ሁለቱን ጠገራ በመሐረብ ቋጥሬ በሚኒባስ ወደ ሰቃ ሄድኩ። ሚዛኗንም ይዤ ነበር፤ አዴ ሐሊማ ፊት አስቀምጬ፣ ሁለቱን መዝኜ፣ በዓይኗ አሳይቻት ልናገር ነበር ሐሳቤ። ከሱቃችን ጎደሎውን ብር አንገቷ ላይ አሥሮ የሸኛት አባቴ መሆኑን፣ ብሩ ከመጀመሪያው እንዳልነበረ፣ ሌባው እሷ ቤት ሳይሆን እኛ ቤት እንደነበር። መንገዱን ሙሉ ቃላቱን አጠናሁ። ደረስኩ። አባ ሲራጅ ሞቷል። እሷ ግቢዋ ውስጥ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ታገላብጥ ነበር። አርጅታለች። አንገቷ ላይ ምንም የለም፤ ክር እንኳ። ከጎኗ የሚሠሩት ሴት ልጆቿም፣ ከኋላዋ የሚሯሯጡት የልጅ ልጆቿም አንገታቸው ባዶ ነበር።

አወቀችኝ። አቅፋ ሳመችኝ፣ የአባቴን ሞት ሰምታ ኖሮ «አላህ ይማረው» አለች። ተቀመጥን። ሚዛኗ በዘንቢሌ ውስጥ፣ መሐረቡ በእጄ ውስጥ ነው።

«አዴ ሐሊማ፣ ስለ ሲራጅ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ተይው ኢንተለኮ፤ እኔ ነኝ የገደልኩት» አለችኝ በእርጋታ። «በኩራቴ። ሰው እንዲያይልኝ በየኢዱ ስፈትገው፣ ወንዝ ወርጄ በአሸዋ ስፈገፍገው፣ ልጄን ነበር የምፈገፍገው። ያቺ ግማሽ ወቄት በኔ እጅ ነው ወንዝ የገባችው። ለዚህ ነው ሴት ልጆቼን ብር እንዳያስሩ የከለከልኳቸው። ባሌ እስኪሞት ድረስ 'ያ አንጥረኛ ሰርቆሽ ነው' ይለኝ ነበር። ወላሂ አላመንኩትም። 'አስቴር አይታልኛለች፣ በእናቷ ምላልኛለች' እለው ነበር። አንቺ ያን ቀን ባታዪልኝ ኖሮ፣ አባትሽን ያለ ጥፋቱ ስረግመው ልኖር ነበር። ከሰው ኃጢአት አዳንሽኝ። ገላቶሚ፣ አላህ ይስጥሽ።»

እጄን ይዛ ሳመችው፤ መሐረቡን የጨበጠውን እጅ። አፌን ከፈትኩ። በዚህ ዓለም የቀራት የሷ ጥፋት ብቻ ነው፤ እሱን ቀምቼ ምን ልሰጣት ነው? ብዬ አሰብኩ። ይህንን ለሷ አዝኜ ነው የተውኩት ብዬ ብዙ ዓመት ለራሴ ነግሬዋለሁ። ውሸቴን ነው። እጄን ስትስመው ደስ አለኝ፤ ለዚያ ነው። ስነሳ ልጆቿን ጠርታ ዘንቢሌን ብርቱካንና ሙዝ አስሞላችልኝ፣ በሚዛኗ ላይ። ተቀበልኳት። አመስግኜያት፣ ተሸክሜው ወደ መኪናው ሄድኩ።